የደበቀችው እብጠት

አንዲት እናት ነበረች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ ባለች ቤት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። አንድ ቀን ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ነካች። አያምም። እጇን አነሳች፤ እንደገና ነካችው። አለ።

ለማን ነገረች? ለማንም። ጡት እኮ ነው፣ ወገኖቼ! ይኸው እኔ እዚህ ቆሜ ስሙን ስጠራው አንዳንዶቻችሁ አንገታችሁን ደፋችሁ።

ታዲያ ምን አደረገች? ባሏን ወጥ መሥራት ታስተምረው ጀመር።

"አንተነህ፣ ና ሽንኩርቱን ክተፍ።"

"ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ?"

"ከታች ከታች አማስል እንጂ፣ ሊያርብህ ነው! ልጆቹ ያረረ አይበሉልህም።"

ሰውየው ደስ አለው፤ ፍቅሯ የጨመረ መሰለው። አንድ እሁድ ሽንኩርት ሲከትፍ እንባው ወረደ። "ሰው የሞተበት እኮ ነው የምትመስለው!" ብላ ሳቀችበት። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

ቢላዋውን አስቀመጠ። "ዘቢደር፣ ወጥ የምታስተምሪኝ አንቺ የት ልትሄጂ ነው?"

ያን ጊዜ ነገረችው።

"ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

"አልሄድም! መርፌ ይወጉታል። ብረት የነካው እብጠት ይሰራጫል ሲባል አልሰማህም?"

"እኔን መርፌ ያልወጋኝ ቀን አለ? እስቲ ጣቴን እዪው፤ የት ተሰራጨ?"

"ቀልደኛ!" አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች። በማግስቱ ግን ሄደች።

ሐኪሟ በእጇ መረመረቻት፤ በአልትራሳውንድ አየችው፤ በቀጭን መርፌም ናሙና ወሰደች። ውጤቱን ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰሙት።

"ካንሰር አይደለም" አለች ሐኪሟ። "በወጣት ሴቶች ላይ የሚበዛ፣ ጉዳት የሌለው እብጠት ነው። ካላስቸገረሽ ይቀመጥ። ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እናየዋለን፤ ካደገ ወይም ከተለወጠ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።"

ወገኖቼ፣ ይህች እናት በሕይወት እያለች ለሞቷ ስትዘጋጅ ከርማ ነበር። ብቻዋን። እዚያው ከሚወዳት ሰው ጎን ቆማ!

የሁሉም እብጠት መጨረሻ እንዲህ ነው አልላችሁም። ክፉም አለ፤ ቶሎ ከተገኘ ግን የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከወር አበባ በፊት መጥቶ የሚሄድ የጡት ሕመም ብዙ ሴቶችን ያገኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። አዲስ እብጠት፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ቆዳ ካያችሁ ግን ለሐኪም አሳዩ። በመዳሰስ ብቻ ማን ሊፈርድ ይችላል? እናንተም አትችሉም፣ ጎረቤትም አትችልም፣ እኔም አልችልም።

ጸልዩ፤ እየጸለያችሁም ሂዱ። እግዚአብሔር የፈራ ልጁን አይቆጣም፤ ሐኪም ቤት የሄደችውንም እምነት የላትም አይላትም።

እናንተ ባሎች፣ ሚስቶቻችሁ ዝም ሲሉ ዝምታውን እንደ ሰላም አትቁጠሩት። ጠይቁ። አትሳቀቁ፤ ጠይቁ።

እናንተ እህቶቼ፣ አሁን ዞር ብላችሁ አጠገባችሁ የተቀመጠችውን እዩአት። ሐኪም ቤት ለመሄድ ወስና፣ የቀራት አብሯት የሚሄድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል።