እማዋይሽና አንድ እፍኝ ጓያ

ልንገራችሁ ወይ? «ንገረን» በሉኝ። እንግዲያው ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ትዕግሥትም ጨምሩበት። ይህ ነገር እንደ ሐረግ ነው፣ ሲስቡት ይረዝማል።

ከጣና ሐይቅ ወዲህ፣ በጥቁር አፈሩ ሜዳ ላይ፣ እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። ታላቅ ወንድሟ ስንሻው አብሯት ይኖራል። ስንሻው የሚሄደው በምርኩዝ ነው፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ እግሮቹ እንደ መቀስ ይተላለፋሉ፣ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል። በወጣትነቱ፣ በአንድ የድርቅ ጊዜ፣ ጓያ ሰብሮት ነው። ጓያን ታውቁታላችሁ፤ ሌላው እህል ሁሉ ሲከዳ እሱ ይበቅላል። ግን ወራት ሙሉ እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ሊከዳው ይችላል። አንዴ የከዳ እግር ደግሞ አይመለስም።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቶሎ አቋረጠ። ጤፉ ከሰለ፣ ሽምብራው ጨነገፈ፤ የእማዋይሽ ጓያ ብቻ አማረበት። ጎተራዋን ጓያ ሞላው። አንዷ ጎረቤት መጥታ «የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው፣ ስትቀቅዪው ፊትሽን አዙሪ» አለቻት። ሌላዋ «ገለባው ነው፣ ልጆቹ እላዩ እንዳይተኙ» አለቻት። ዘሩን የሸጠላት ነጋዴ ደግሞ «ያ ድሮ ቀረ፤ የዛሬው ዘር የዋህ ነው» አላት። ማንን ትመን? በጎቿን እየሸጠች በቆሎ መሸመት ጀመረች፤ በጎቹ ግን ማለቃቸው ነው። ጥያቄዋ ትንሽ ነበረች፤ ይህን ጓያ ለልጆቼ ላብላ ወይስ አላብላ?

እፍኝ ጓያ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ዶክተር፣ ይህ ይሰብራል ወይስ አይሰብርም?»

«ዶክተር አይደለሁም እትዬ፣ ጤና መኮንን ነኝ» አለ ፈንታሁን። ፍሬውን በመዳፉ ላይ አገላበጠው። «ጓያ ዘሩ ብዙ ነው። አንዱ መርዙ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት፤ በዓይን አይለይም። ያብሉ ብዬ ብሳሳት የሚሰበረው የልጆችዎ እግር ነው። በግምት አልመልስም። ቤተ ሙከራ ይመርምረው።»

እማዋይሽ መኪና ተሳፍራ ከተማ ገባች። ቤተ ሙከራው ውስጥ መስከረም የምትባል ነጭ ካፖርት የለበሰች ተመራማሪ አገኘች።

«እቴ መስከረም፣ ይህን ጓያ መርምሪልኝ። ባለሙያው አልመልስም አለ፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

መስከረም ወንበር ሳበችላት። «መሣሪያው ይኸው ቆሟል፤ የሚሠራበት ኬሚካል ግን አልቋል። በባዶ አልመረምርም። ግን ይቆዩ እስቲ... መንግሥት ለአንጎልና ለነርቭ በሽታ ምርምር ድጋፍ እሰጣለሁ፣ ተወዳደሩ ብሎ ጥሪ አውጥቷል። እንጠይቅ። የምጠይቀውም የእርስዎን ጥያቄ ነው።»

ጽፋ ላከች። ማመልከቻዎቹን የሚመዝነው ኮሚቴ አዲስ አበባ መጥታ እንድታስረዳ ሲጠራት፣ እማዋይሽን ይዛት ሄደች። ረጅም ጠረጴዛ፣ የውኃ ብርጭቆ፣ መነጽር ያደረጉ ሰዎች። መስከረም ተናግራ ስትጨርስ እማዋይሽ ሳትጠየቅ ተነሣች።

«ጌቶቼ፣ ይፍቀዱልን። ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፣ ባለሙያው አልመልስም አለ፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሴት ነበሩ። ቀና ብለው አዩዋት። «ጥያቄያችሁ ጥሩ ነው። ነገር ግን የመጣችሁት እህል ይዛችሁ ነው፤ ይህ ገንዘብ የነርቭ በሽታ ገንዘብ ነው።»

«እህሉ አይደል እንዴ ነርቩን የሚሰብረው?»

«ይመስለኛል ትክክል ነዎት። ትክክል መሆንዎን ግን የነርቭ ሐኪም አብሮ ይፈርምበት። በሽተኛ ያላየ ጥናት አንፈቅድም። ጥሪው ሳይዘጋ ተመለሱ።»

ደረጃውን ሲወርዱ መስከረም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እማዋይሽ ግን «እምቢ አላሉም እኮ፤ ሌላ ሰው ጠርታችሁ ኑ ነው ያሉት» አለቻት። የሚጠራው ሰው ዶክተር ኅሩይ ነበሩ፤ በነርቭ ሕክምና ያረጁ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

«ዶክተር፣ ይፈርሙልን። ኮሚቴው አልፈቅድም አለ፣ ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፣ ባለሙያው አልመልስም አለ፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«ያላየሁትን እግር አየሁ ብዬ አልፈርምም» አሉ ዶክተር ኅሩይ። «ከሰፈራችሁ ጓያ የሰበራቸው ሰዎች ይታዩኝ። እኔው እመጣለሁ፣ እነሱ አይንገላቱም።»

«ያድኗቸዋል?»

«አላድናቸውም። የተጎዳው ነርቭ አይመለስም። ማን እንደተሰበረና ማን እንደተረፈ፣ ምን ከምን ጋር ሲበላ እንደነበረ ማወቅ ግን ይቻላል። ለሚመጣው ሰው ይጠቅማል።»

«ይህንኑ ብነግራቸውስ?»

«ይህንኑ ይንገሯቸው። አድናለሁ አለ እንዳይሉብኝ።»

እማዋይሽ አገሯ ገባች። ጓያ የሰበራቸው ሰዎች ብዙ አልነበሩም፤ አንዱ ሸማ ይሠራል፣ አንዷ እንዝርት ታሾራለች፣ አንዱ ከአልጋው አይነሣም። በየደጃቸው ዞረች።

«ውጡና ታዩልኝ። ሐኪሙ አልፈርምም አለ፣ ኮሚቴው አልፈቅድም አለ፣ ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፣ ባለሙያው አልመልስም አለ፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

ሁሉም አንድ መልስ ሰጧት። «ታላቃችን ስንሻው ነው። እሱ ካልታየ አንወጣም።»

የት ስትሄድ የት ደረሰች! አገር አካልላ፣ ከተማ ዞራ፣ ነገሩ ተመልሶ የገዛ ቤቷ ገባ። ስንሻው ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። አጠገቡ ተቀመጠች።

«አያ ስንሻው፣ ታይልኝ። ጎረቤቱ አልወጣም አለ፣ ሐኪሙ አልፈርምም አለ፣ ኮሚቴው አልፈቅድም አለ፣ ቤተ ሙከራው አልመረምርም አለ፣ ባለሙያው አልመልስም አለ፣ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«አልታይም» አለ ስንሻው። ገመዱን መግመድ አላቆመም።

«ለምን?»

«ታይቻለሁ። አንቺ ባል አግብተሽ በሄድሽ ጊዜ ሰዎች መጥተው ነበር። ቁርበት ላይ አስተኙኝ። ጉልበቴን በመዶሻ መቱ፣ ደሜን ቀዱ፣ ፎቶ አነሡኝ። አመስግነውኝ ሄዱ። ምን አገኙ? አላውቅም። በሽታው የኔ ነው፣ ወሬው የነሱ ሆነ። ከብት እንኳ ሲታይ ለባለቤቱ ይነገራል።» ቀና ብሎ ጠየቃት፦ «እነዚህስ እግሬን ያድኑታል?»

እማዋይሽ ልትዋሽ ትችል ነበር። አልዋሸችም። «አያድኑትም።»

«ታዲያ?»

«አያ ስንሻው» አለች፣ «በዚያ ድርቅ እቤት የነበረው በቆሎ ለአንድ ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። እኔ ሕፃን ነበርኩ። በቆሎውን ለኔ ትሰጥና አንተ ጓያ ብቻ ትበላ ነበር።»

ገመዱ ቆመ። «ማን ነገረሽ?»

«እናታችን። ልትሞት ስትል።»

«ባልነገረችሽ ደግ ነበር።»

«ነገረችኝ። አሁን እኔም ልጆች አሉኝ፤ ለማን በቆሎ ለማን ጓያ እንደምሰጥ ልመርጥ አልፈልግም። በጎቹ አልቀዋል አያ።»

ስንሻው ገመዱን ከጎኑ አኖረ። ልጆቹ ከጓሮ እየተሯሯጡ ሲጮኹ ይሰማል። በመጨረሻ «ይምጣ ሐኪሙ» አለ። «ከመታየቴ በፊት ግን የምጠይቀው አለኝ።»

ዶክተር ኅሩይ መስከረምን አስከትለው መጡ። ሰፈርተኛው ሁሉ ዛፍ ሥር ተሰብስቧል። ስንሻው በምርኩዙ ተደግፎ ፊታቸው ቆመ።

«ዶክተር፣ ያገኙትን መጥተው ይነግሩኛል?»

«እነግርዎታለሁ።»

«ክፉ ቢሆንም?»

«ክፉ ቢሆንም።»

«ቢሞቱስ? ሰው ነዎት።»

ሽማግሌው ሐኪም ሳቁ። «ብሞት መስከረም ትመጣለች። ይኸው ፊትዎ ቆማለች፣ ስሟን ይያዙ፣ መልኳን ይያዙ።»

«እመጣለሁ አባቴ» አለች መስከረም።

ስንሻው ዘወር ብሎ ጎረቤቶቹን አያቸው። ከዚያ ምርኩዙን ለእማዋይሽ ሰጣትና ቁርበቱ ላይ ተኛ።

ያን ጊዜ ሐረጉ ተተረተረ። ስንሻው ልታይ አለ። ስንሻው ልታይ ቢል ጎረቤቱ ልውጣ አለ፤ ሸማኔውም መጣ፣ ፈታዪቱም መጣች፣ ከአልጋ የማይነሣውንም በቃሬዛ አመጡት። ጎረቤቱ ልውጣ ቢል ሐኪሙ ልፈርም አሉ። ሐኪሙ ልፈርም ቢሉ ኮሚቴው ልፍቀድ አለ። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ሐረጉ ትንሽ ያዝ አድርጎ ነበር፤ ገንዘቡ እንደ ቃሉ አልፈጠነም፣ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ እማዋይሽም ለእህል እርዳታ ተሰለፈች፣ ከዘመድም ተበደረች። ቢሆንም መጣ። ኮሚቴው ልፍቀድ ቢል ቤተ ሙከራው ልመርምር አለ። ቤተ ሙከራው ልመርምር ቢል ባለሙያው ልመልስ አለ።

ፈንታሁን ራሱ እቤቷ ድረስ መጣ። «እትዬ እማዋይሽ፣ የእርስዎ ዘር ኃይለኛው፣ መርዙ የበዛው ነው። ነጋዴው ተሳስቷል።»

እማዋይሽ ደነገጠች። «ይደፋ?»

«አይደፋም። ለብቻው ግን አይበላም። በብዙ ውኃ ዘፍዝፈው ውኃውን ይድፉት፤ ቀቅለውም ውኃውን ይድፉት። ከዚያ በቆሎው ወይም ስንዴው ይብዛ፣ ጓያው ይነስ። የዕለት ምግብ አያድርጉት። ለመጪው የዘር ወቅት ደግሞ እነ መስከረም መርዙ ያነሰውን ያመጡላችኋል፤ በጥናቱ ውስጥ ተካቷል።»

«እንፋሎቱስ?»

«እንፋሎቱ ምንም አያደርግም። ፊትዎን አያዙሩ።»

ዶክተር ኅሩይም በሌላ ቀን መጡ፤ ስንሻው አጠገብ ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። ያገኙትን አንድ በአንድ ነገሩት። ስንሻው ጠየቀ፣ እሳቸው መለሱ፤ አንዳንዱን «ይህን አላወቅንም» አሉት፤ እሱንም በደስታ ሰማ። ከሁሉ ግን አንዱ ነገር ያዘው።

«በየሰፈሩ ያየነው ይህ ነው» አሉ ዶክተሩ። «ጓያ ብቻ የበሉት ናቸው ብዙዎቹ የተሰበሩት። ትንሽ ሌላ እህል ያገኙት በአብዛኛው ተርፈዋል።»

«ትንሽ በቆሎም ቢሆን?»

«ትንሽ በቆሎም ቢሆን።»

ስንሻው እማዋይሽን በዓይኑ ፈለጋት። በጓሮ በኩል እንስራ ተሸክማ፣ ቀጥ ብላ፣ ድንጋዩን እየተሻገረች ትመጣለች። አረማመዷን እስከ ደጃፉ ድረስ በዓይኑ ተከተለው። «ስለዚህ ትክክል ሠርቻለሁ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። ዶክተር ኅሩይ እጁን ያዙትና አብረው ተቀመጡ።

እማዋይሽ የቀቀለችውን ጓያ ውኃውን ደፋች፤ ከበቆሎው ጋር ቀላቀለችው። ልጆቹ ከበው በሉ። ትንሿ ጨምሪልኝ ስትላት እማዋይሽ በቆሎውን አብዝታ ጨመረችላት። በልተው ሲነሡ እግር እግራቸውን አላየችም፤ ሰሃኑን ሰብስባ ልታጥብ ወጣች።

እኔ ሐረጌን እስከ ጫፉ ሳብኩ። እናንተ ደግሞ ስትጠይቁ የሚመልስ አይጥፋባችሁ፤ ስትጠየቁም እናንተ አልመልስም አትበሉ።