የጅራታሟ ኮከብ የክት ልብስ

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ የሌለው በዓይኑ ይስማ!

ድሮ ድሮ አንዲት ትዕግሥተኛ ኤሊ ከአንዲት ጅራታም ኮከብ ጋር ተወዳጅታ ነበር። ኮከቧ ነጭ ጅራቷን ሰማይ ለሰማይ እየጎተተች ብቅ ስትል የኤሊ አንገት በደስታ ከድንጋይ ልብሷ ሊነቀል ይደርሳል። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ኮከቧ መደብዘዝ ጀመረች።

አሽሟጣጩ ዝንጀሮ፣ "ወዳጅሽ እየሞተች ነው፤ የለቅሶ ድንኳን ልትከልልሽ እንዴ?" አላት።

ኤሊ ወደ ሰማይ አንጋጣ፣ "እህቴ፣ ልትሞቺብኝ ነው?" ስትል ተጣራች።

ኮከቧ ከት ብላ ሳቀች። "ምን በወጣኝ! እኔ እኮ አፈር የለበስሁ በረዶ ነኝ። እማማ ፀሐይ ዘንድ ስጠጋ በረዶዬ ይተናል፣ አቧራዬ ይበተናል፣ በእሷ ብርሃን ቦግ ይላል፤ የክት ልብሴ እሱ ነው። አሁን ከእሷም ካንቺም እየራቅሁ ነው። በብርድ መንገድ ደግሞ ክት አይለበስም። ጠብቂኝ!"

ኮከቧ ጠፋች፤ ኤሊ ጠበቀች። ዝንጀሮ አረጀ፣ ልጆቹም አረጁ፤ ፌዙ ግን ሳያረጅ ለልጅ ልጅ ደረሰ። "እማማ ኤሊ፣ የወዳጅዎ ተዝካር መቼ ነው?" ይሏት ነበር።

አንድ ማለዳ ከተራራው አናት በላይ የዱቄት ብናኝ የምታህል ብርሃን ታየች። በማግስቱ ደመቀች፤ በሳምንቱ ጅራት አወጣች። የዝንጀሮ የልጅ ልጅ አፉን ከፍቶ፣ "እማማ፣ ያቺ ደግሞ ማን ናት?" አለ።

ኤሊ አንገቷን እስከ ጫፍ መዘዘችው። "ዝም በልና ጭራህን አበጥር! እንግዳዬ ክቷን ለብሳ መጥታለች!"

ተረቴን መልሱ፣ ለአፌም ቆሎ ዝገኑልኝ!