መጋቢት ያጠረበት ምክንያት

አንድ ቀን፣ ኅዳር ገና እንደ ባተ፣ የ«ጓዳ ሙሉ» ወተት ፋብሪካ የሽያጭና የማስተዋወቂያ ኃላፊ አቶ ዘርዓብሩክ ከአዲስ አበባ የሦስት ቀን ሥልጠና ተመለሱ። ሲሄዱ ባዶ እጃቸውን ነበር፤ ሲመለሱ ዳሽቦርድ ይዘው መጡ። ዳሽቦርድ ማለት፣ ለማያውቀው፣ የሥራው ሁሉ ውጤት በቀለም በቀለሙ ተሰልፎ ግድግዳ ላይ የሚታይበት ስክሪን ነው። ስክሪኑ የተሰቀለው ቀድሞ የቀን መቁጠሪያ ተንጠልጥሎበት በነበረው ሚስማር ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያው ወርዶ የት እንደገባ ያኔ ማንም አልጠየቀም፤ ኋላ ለመጣው ጣጣ ሁሉ መነሻው ይኸው ነው።

አዲሱን ነገር እንዲያይ መጀመሪያ የተጠራው ሸዋንግዛው ነው። ሸዋንግዛው በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ ገበያዎች ድንኳን እየተከለ፣ ሞንታርቦ እያስጮኸ፣ ላላፊ አግዳሚው የፋብሪካውን እርጎና አይብ የሚያስቀምስ ሰው ነው። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመቱ። ከሥሩ አራት አስቀማሽ ሴቶች አሉ፤ የእነሱ አውራ እታፈራሁ ትባላለች፤ ወተት አልወድም ብሎ የማለ ሰው እንኳ እሷ ፊት ከቆመ ሁለት ኩባያ ሳይጠጣ አይሄድም። ሸዋንግዛው ራሱ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሲናገር ቸኩሎ አያውቅም። ነገር ሲመጣበት መጀመሪያ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ አገላብጦ ያያታል፣ መልሶ ያደርጋታል፤ ከዚያ ነው የሚናገረው።

«እነዚህ አምዶች ወራት ናቸው» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ በማስመሪያ እየጠቆሙ። «አምና በየወሩ ስንት የማስተዋወቂያ ዝግጅት እንዳደረግህ ያሳያሉ፤ የዘንድሮውም ዕቅድ በዚያው ልክ ነው። ረጅሙ ብዙ ነው፣ አጭሩ ጥቂት ነው። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ።»

«እንግዲያው ይቺ የመጨረሻዋ ለምን ሰነፈች?»

ሸዋንግዛው ጠጋ ብሎ አየ። «ጳጉሜን ናት ጌታዬ። አምስት ቀን ብቻ ሆና ነው፤ ሌሎቹ ሠላሳ ሠላሳ አላቸው።»

አቶ ዘርዓብሩክ አገጫቸውን ይዘው ጥቂት አሰቡ። «ጉዳዩ ይታያል» አሉና ወደ ሌላው አለፉ።

ሌላው መጋቢት ነበር። ጥር ላይ አምዱ ጣራ ሊነካ ምንም አልቀረው፤ መጋቢት ላይ ግን መሬት ለመሬት የሚሄድ ቀጭን መስመር ብቻ ነው ያለው። አቶ ዘርዓብሩክ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሥልጠናው ላይ የተማሩት አንድ ቃል ነበረች፤ ሚዛን የምትባል። ዓመቱ ሚዛን ይኑረው፣ አንዱ ወር ጠግቦ ሌላው አይራብ ተብለዋል። ማውሱን ያዙ፤ ከጥር ላይ አራት ዝግጅት ጎትተው መጋቢት ላይ ለጠፉ። ጥር ዝቅ፣ መጋቢት ከፍ፣ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ።

«አየህ?» አሉ። «አንተን አሥራ አንድ ዓመት ያቃተህን እኔ በአንዲት ጣት ጨረስኩት።»

ሸዋንግዛው ባርኔጣውን አውልቆ አገላብጦ አያት። «ጌታዬ፣ ጥር እኮ ጥምቀቱም ሰርጉም ያለበት ነው። መጋቢት ደግሞ ሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ማንን ነው እርጎ የማስቀምሰው?»

«ሸዋንግዛው!» አሉ አቶ ዘርዓብሩክ ማስመሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። «ቻርት ጾም አያውቅም!»

እንዲህ ያሉት ሰውዬ ራሳቸው እንዴት ያሉ ጿሚ መሰሏችሁ! ረቡዕና ዓርብ ከቤታቸው የፍስክ ወጥ አይሸትም። በሁዳዴ ዳቦ ሲቀርብላቸው ወተት ነክቶት እንደሆነ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሰው ልከው ያስጠይቃሉ። አንዴማ የሽሮው ድስት ከፋሲካ ወዲህ በደንብ አልታጠበም ብለው ምሳ ትተው ሄደዋል፤ ያኔ ፍልሰታ ነበር። ለራሳቸው እንዲህ ናቸው፤ ለቻርቱ ግን ጾሙን ፈቱለት።

ጥር መጣ። ጥምቀት አልፎ ሰርጉ በየሰፈሩ ሲደራ፣ የሸዋንግዛው ድንኳን ተጠቅልሎ መጋዘን ተኝቷል። የሌላ ፋብሪካ ልጆች መንገዱን ሞልተው እርጎ ሲያድሉ እታፈራሁ አስፋልት ዳር ቆማ እጇን አጣጥፋ ታይ ነበር። «ጋሼ፣ የእኛ መቼ ነው?» አለችው። «በጾሙ» አላት። የቀለደ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ሳቋንም ዋጠችው።

መጋቢት ደረሰ። እንደ አለመታደል ሆኖ በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ነው የገቡት። ቅዳሜ ገበያ መሀል ድንኳኑ ተተከለ፣ ሞንታርቦው ጮኸ፣ እርጎው በኩባያ በኩባያ ተደረደረ። አራቱም አስቀማሾች ጿሚዎች ናቸው፤ ማይክራፎኑን የያዘችው እታፈራሁ ደግሞ ውሸት አይሆንላትም። «ቅመሱ! የጓዳ ሙሉ እርጎ! እንኳን የቀመሰው...» ትልና፣ የቀመሰ ሰው በአካባቢው ስታጣ፣ «እኛ እንኳ ባንቀምስም!» ብላ ትጨርሰዋለች።

ገበያተኛው መንገድ ቀይሮ በወዲያ ማዶ ያልፍ ጀመር። አንዲት ሴትዮ አማተቡና «የጾም ሰው ፈተና አነሰውና ደግሞ በሞንታርቦ!» ብለው ሄዱ። አንድ ከሰል የጫኑ አዛውንት አህያቸውን አቁመው ሸዋንግዛውን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ምን በደልንህ?» አሉት። ሸዋንግዛው ሞንታርቦውን ዝቅ አደረገው። አፈረ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ በዚህ ሥራ ሲያፍር የመጀመሪያው ነው።

የቀመሰው ሰው ቁጥር ማታ ሲደመር ሦስት ሆነ። አንደኛው በእናቱ ጀርባ ላይ የነበረ የሰባት ወር ሕፃን ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው አንድ የፕሮቴስታንት አስተማሪ ናቸው፤ ተመልሰው መጥተው ስለደገሙ ሁለት ጊዜ ተቆጠሩ።

ቀጣዮቹ ሁለት ቅዳሜዎችም እንደዚያው አለፉ። ዳሽቦርዱ ላይ መጋቢት ቀላ። ሲቀላ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀላም፤ «ምክንያቱን ይምረጡ» የሚል ሣጥን ይከፍታል፤ ካልተመረጠ ሪፖርቱ አያልፍም። ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ምክንያቶች አራት ናቸው። አንድ፣ ዝናብ። ሁለት፣ የመብራት መጥፋት። ሦስት፣ የመኪና ብልሽት። አራት፣ የሠራተኛ ስንፍና። አምስተኛ የለም። ዝርዝሩን ያወጡት አቶ ዘርዓብሩክ ናቸው።

«ጌታዬ፣ ከአራቱ አንዱም አይደለም» አለ ሸዋንግዛው። «ጾም ነው።»

«ጾም የሚል አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ምክንያት አይደለም። ዘንቧል?»

«አልዘነበም።»

«መብራት ጠፍቷል? መኪና ተበላሽቷል?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው አራተኛው ነው። የሴቶቹ ውል መጋቢት ሠላሳ ያበቃል። ስንፍና ተብሎ የተመዘገበበት ሠራተኛ ውል ደግሞ አይታደስም፤ ሕጉ ነው። ዓርብ እትዬ አሰገደች ባሉበት ራስህ ትጫነዋለህ።»

እትዬ አሰገደች የፋብሪካው ባለቤት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸውን ሁለት ላም ይዘው ተነሥተው እዚህ ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ በወር አንድ ዓርብ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እየመጡ ሪፖርት ይሰማሉ።

ሸዋንግዛው የሴቶቹን ኑሮ ያውቃል። እታፈራሁ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን ነው የምታሳድገው፤ ፋሲካን የሚጠብቁት ከእሷ እጅ ነው። ሦስቱም ሴቶች እንደዚያው ናቸው። በፀሐይ ቆመው፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ለራሳቸው የማይቀምሱትን ሲለምኑ የዋሉ ሰዎች ሰነፉ ተብሎ በእሱ ጣት ሊጻፍ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም። በማግስቱ ግን እታፈራሁን ጠራና «ዓርብ አንድ የቅምሻ ዝግጅት አለን፤ ትሪዎቹን አጥባችሁ ጠብቁኝ» አላት።

«የት ነው ጋሼ?»

«ቅርብ ነው፤ ድንኳን አይፈልግም።»

ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ ጠረጴዛውን ከበው የተቀመጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ እትዬ አሰገደች፣ አቶ ዘርዓብሩክ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ኑረዲንና ሸዋንግዛው። አቶ ዘርዓብሩክ ተነሥተው ስለ ሚዛን ተናገሩ። ጥር ልኩን መያዙን፣ ነሐሴም ተስፋ እንደሚሰጥ፣ የጳጉሜን ጉዳይ በጥናት ላይ መሆኑን አስረዱ። መጋቢት ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ላይ ግን ችግር አለ። ምክንያቱን ሸዋንግዛው በፊትዎ ይጫናል።»

ሸዋንግዛው ተነሣ። ባርኔጣዋን አወለቃት፣ አገላብጦ አያት፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ» አለ። «የመጋቢት አራተኛው ዝግጅት ገና አልተደረገም። ወሩ ሳያልቅ ልሙላው ብዬ ነው።» ወደ በሩ ዞሮ «ግቡ!» አለ።

አራቱ ሴቶች ትሪ ትሪያቸውን ይዘው ገቡ። ከሸዋንግዛው በቀር በያንዳንዱ ሰው ፊት አንድ ኩባያ እርጎ፣ አንድ ቁራሽ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ አንድ ማንኪያ አይብ አኖሩ። እታፈራሁ በለመደው አፏ «ቅመሱ፣ የጓዳ ሙሉ» አለችና፣ የት እንዳለች ትዝ ሲላት ወደ ኋላዋ ፈቀቅ አለች።

ኑረዲን ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «አስተግፊሩላህ! እኔ ከሌሊት ጀምሮ ውኃም አልቀመስኩ» አለ።

እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ስበው አፍንጫቸውን ሸፈኑ።

አቶ ዘርዓብሩክ ግን ብድግ አሉ። «አብደሃል እንዴ አንተ ሰውዬ! ሁዳዴ ነው! ያውም ዓርብ! ያውም ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ! ይህን ከፊቴ አንሱልኝ!»

«አይቀምሱም ጌታዬ?»

«እንዴት አድርጌ ነው የምቀምሰው?!»

«መልካም» አለ ሸዋንግዛው፤ ወደ ስክሪኑ ሄዶ ማውሱን ያዘ። ድምፁ ገበያ ላይ ኩባያ እንደሚቆጥር ሰው ድምፅ ነው። «የቀረበለት ሰው ሦስት። የቀመሰ፣ ዜሮ።» ጻፈው። ስክሪኑ ቀላና «ምክንያቱን ይምረጡ» አለ። አራቱ ምክንያቶች ተዘረገፉ።

ሸዋንግዛው መስኮቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ወደ አቶ ዘርዓብሩክ ዞረ።

«ዝናብ እንዳልል፣ ውጪው ፀሐይ ነው። መብራት ጠፋ እንዳልል፣ ይኸው ስክሪኑ በርቷል። መኪና ተበላሸ እንዳልል፣ እርጎው ደርሶ ፊትዎ ተቀምጧል። የቀረችኝ አራተኛዋ ናት» አለ። «ስንፍናዋን በማን ስም ልጫናት ጌታዬ፤ በእርስዎ ነው ወይስ በእትዬ?»

ኑረዲን ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አላነሡም።

«ዘርዓብሩክ» አሉ በስተመጨረሻ።

«አቤት እትዬ።»

«እኔ ሰነፍ ነኝ?»

«ኧረ በምን አፌ እትዬ! በምን አፌ!»

«እንግዲያው እነዚህ ልጆችም አይደሉም። ውላቸውን ዛሬውኑ አድስ። ያንን የቀን መቁጠሪያም ካገባህበት አምጥተህ ስቀልልኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሣጥኑ ውስጥ አምስት ምክንያት አለ፤ የመጋቢት ዝግጅቶችም ከፋሲካ ማግስት ተደገሙ፤ እዚያ ላይ አምዱ ከስክሪኑ አልፎ ወጣ ይባላል። የጳጉሜን ጉዳይ ግን እስካሁን እየታየ ነው።