የሸንበቆ አፋፍ ምስክር

በሸንበቆ አፋፍ መንደር በየጓሮው ዳር ዳሩን ይዛ የምትበቅል፣ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ የቆመ፣ አበባዋ ወይን ጠጅ ሆኖ ምላሷ ላይ ቢጫ ጢም ያበቀለች ተክል አለች። ከከተማ የሚመጡት አይሪስ ይሏታል አሉ፤ ይበሏት። የአገሩ ሰው የሚያውቃት «ምስክር» ብሎ ነው። ሥሯ ዝንጅብል ይመስላል፤ ሲተክሏት ግን እንደ ዝንጅብል አይቀብሯትም፤ ከሆዷ በታች ያሉትን ክር መሳይ ሥሮች ብቻ አፈር አስይዘው ጀርባዋን ለፀሐይ ይተዉላታል። እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው ይባላል።

ድሮ ታንጉት የምትባል ሴት ለጓንጉል ተድራ ስትመጣ ከእናቷ ጓሮ የቆረጠችውን ሥር በመቀነቷ ቋጥራ መጣች፤ በጓሮዋና በባሏ ወንድም በቢሻው እርሻ መካከል ድንበሩን ተከትላ ተከለችው። ጎረቤቶቿ «ምነው እቴ፣ ጀርባዋን ራቁቱን ተውሽው?» ብለው ሲስቁባት፣ «እሷ እንደናንተ ብርድ አትፈራም» አለቻቸው አሉ። በየዓመቱ አበባው ሲረግፍ የተጨናነቀውን እየነቀለች፣ ያረጀውን ሥር እየጣለች፣ ከጎኑ ያቆጠቆጠውን ልጅ ሥር ቅጠሉን አሳጥራ መልሳ እየተከለች መስመሩን ከላይኛው ቋጥኝ እስከ ታችኛው ምንጭ አደረሰችው።

ጓንጉል ልጅ ሳይወልድ ሞተ። ተዝካሩ እንደወጣ ቢሻው «ጓሮው የእርሻዬ አካል ነው፤ በመካከላችን ድንበር ኖሮ አያውቅም» ብሎ ተነሣ። ታንጉት ከዚያ ጓሮ ጎመንና ጌሾ በቀር ጉሮሮዋን የምትደፍንበት አልነበራትምና ከወይራው ሥር ሽማግሌ ፊት ቆመች።

«ምስክርሽ ማነው?» አሏት ትልቁ ሽማግሌ አባ ዘገየ።

«ድንበሩ ላይ የቆመችው አበባዬ ናት።»

ቢሻው ሳቀ። «አበባ ደግሞ አፍ አላት እንዴ?»

«ጢምም አላት! ካንተ ጢም ይልቅ የሷ ይታመናል።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «ከመስቀል በኋላ መጥተን እናያለን» ብለው ቀጠሩ። ቢሻው ግን ቀጠሮውን አልጠበቀም። ነቅሎ ቢጥላት ጉድጓዷ ይታይበታልና፣ ቅጠሏን አጭዶ አፈር ከመረባት፤ በላዩም በግራ ቀኙም ገብስ በተነበት። እንደ ሬሳ ቀብሮ የተገላገላት መሰለው። ታንጉት ወጥታ ብታይ መስመሯ የለም። ያቺ ምላሷ የማያርፍ ሴት ክረምቱን ሙሉ ዝም አለች ይባላል።

ያ ክረምት ግን እንደ ሌላው ክረምት አልነበረም ይላሉ። ሰማይ የተቀደደ ይመስል ዘነበ፤ ጎርፉም የተከመረውን አፈር ላሰው። መስቀል አልፎ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቢሻው «ኑ እንግዲህ፣ አበባዋ ስትናገር እንስማ» እያለ ቀደመ፤ አፋፉ ላይ ብቅ ሲል ግን እግሩ ተተከለ። በገብሱ መካከል፣ ገመድ የተወጠረ ይመስል፣ ከቋጥኙ እስከ ምንጩ ወይን ጠጅ መስመር ቆሟል። ሥሮቹ ጀርባቸውን ታጥበው ፀሐይ ይሞቃሉ። አበቦቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሽማግሌዎቹ አዙረው ነበር የሚሉም አሉ። አባ ዘገየ ጥምጥማቸውን አወለቁ።

ያን ጊዜ ታንጉት አፏን ከፈተች። «ምስክር አይቀበርም» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ ፍርዱም ያው ሆነ፤ ጓሮው ለሷ ጸና።

ያ መስመር ዛሬም በገብሱ መካከል አለ፤ ገበሬው እዚያ ሲደርስ በሬዎቹን ይመልሳል። የሸንበቆ አፋፍ ልጅም ስትዳር አንድ ሥር በመቀነቷ ቋጥራ ትሄዳለች። ሳታውቅ የምስክርን ጀርባ አፈር ያለበሰች ሙሽራ ከተገኘች ደግሞ፣ አሮጊቶቹ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «አንቺ፣ ማንን ልትክጂ ነው?» ይሏታል።