ማኅተም ያረፈበት ፊት

በአንድ ወቅት ልበል እንጂ፣ እኔን ዛሬም እንደ አዲስ ያንገበግበኛል። ወልድያ ውስጥ ጋሽ ወርቅነህ የሚባሉ ፎቶ አንሺ ነበሩ። የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ሲያነሱ ኖረው፣ ሲሞቱ የራሳቸው ፎቶ መታወቂያቸው ላይ ያለችው ብቻ ሆና ተገኘች። እሷም ብትሆን ዓይናቸው ላይ ማኅተም አርፎባታል፤ አፍና አገጫቸውን ደግሞ የኪስ ላብ አደብዝዞታል።

ሚስታቸው እትዬ ዘነቡ ሦስት ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ፎቶውን ሳልይዝ እንዴት አለቅሳለሁ? መልኩን የመለሰልኝ የአባቱን ካሜራ ይውሰድ» አሏቸው። ያቺን ካሜራ የማይመኝ ልጅ አልነበረም።

ታላቁ ደምሰው ፎቶዋን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ፣ የማኅተሙን ሐምራዊ የሚሽር ቢጫ ሌየር፣ እንደ ስስ ወረቀት ያለ ድርብ፣ ደረበባት። ብሌንድ ሞድ የሚሉትን የቀለም ማዋሃጃ እየቀያየረ፣ ቀለሙን ከቀለሙ እያዋሃደ ማኅተሙን አጠፋው። የአባቱ ዓይኖች ጥርት ብለው ታዩ።

ሴት ልጃቸው ብርቄ ደግሞ አፏና አገጯ ቁርጥ አባቷን ነው። የራሷን ፎቶ ከላይ በሌየር ደርባ የደበዘዘውን ሸፈነችው። ፊቱ ሙሉ ሆነ። እትዬ ዘነቡ ግን አይተው፣ «ይሄ ደግሞ ማነው?» አሉ።

ትንሹ ምናሉ፣ «አበዛሽው!» ብሎ የእህቱን ሌየር ኦፓሲቲ፣ ማለት ድምቀቱን፣ ይቀንስ ጀመር። የላይኛው እየሳሳ ሲሄድ፣ ከሥር የደበዘዘው የአባቱ የራሱ ከንፈር ከእህቱ ጋር ተዋህዶ ብቅ አለ። እናቲቱ ስክሪኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ወርቅዬ! መጣህልኝ?» ብለው ተንሰቀሰቁ።

እዚህ ላይ ልጆቹ ዝም ቢሉ ምናለበት! የአባታቸው አፈር እኮ አልደረቀም!

«ካሜራዋ የኔ ናት» አለ ምናሉ።

«አንተ ያለውን ቀነስክ እንጂ ምን ሠራህ? እናታችን ያወቁት በኔ አፍ ነው!» ብላ ብርቄ ሌየሯን ጥርግ አድርጋ አጠፋችው። አፉ ጉም ሆነ።

«ዓይኑን የገለጥኩት እኔ!» ብሎ ደምሰውም የራሱን አጠፋ። ማኅተሙ ተመልሶ ዓይናቸው ላይ ቁጭ አለ።

«እንግዲያውስ!» አለ ምናሉ፤ የእህቱን ሌየር መልሶ እስከ ጥግ አደመቀው። ያ የማይታወቅ ሰው ተመልሶ መጣ፤ ብርቄም ወዲያው መልሳ አጠፋችው።

እትዬ ዘነቡ ካሜራዋን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ አንዴ ቀበርኩት፤ እናንተ ሦስቴ ቀበራችሁብኝ!» አሉ።

ሌየሮቹ ከዕይታ ጠፉ እንጂ እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ አሉ። ግን ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ፣ ሦስቱም «ካሜራዋ ካልተሰጠችኝ የኔን አልመልስም» ብለው ተፋጠጡ። ወይ ጉድ!

እስቲ ፍረዱ፤ ማኅተሙን ላነሳው፣ አፏን ላዋሰችው፣ ወይስ ሌየሩን ላሳሳው? እናንተ ዘነቡን ብትሆኑ ካሜራዋን ለማን ትሰጣላችሁ?