የቢጫዋ መኪና ጉሮሮ

አንድ ሰው ነበረ። አንዲት አሮጌ ቢጫ መኪና ነበረችው፤ ዕድሜዋ ከእሱ ይበልጣል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል እየጫነ ለሱቆች ያከፋፍልባታል። በዓመት አንድ እሁድ ደግሞ እንቁላሉን ያወርድና ይወዳደርባታል።

አዎ፣ በዚያችው መኪና! ምን ያስቃችኋል? እናንተስ በአንድ ጫማ ትምህርት ቤትም ለቅሶም ትሄዱ የለም?

ውድድሩ ቀላል ነው። ቀጥ ያለ መንገድ ይዘጋል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ባንዲራው ሲወርድ ይፈተለካሉ፤ አራት መቶውን ሜትር ቀድሞ የጨረሰ አሸነፈ፣ በቃ። ከተጀመረ እስኪያልቅ ሃያ ሰከንድ አይሞላም። አስነጥሳችሁ ቀና ስትሉ አልቋል።

ባለፈው ዓመት ሰውየው በአንድ ቀይ መኪና ተቀደመ። በስንት? በመኪናው አፍንጫ! ያቺ አፍንጫ ዓመቱን ሙሉ እረፍት ነሳችው። እንቁላል ሲያወርድ ያቺው አፍንጫ፣ ሲበላ ያቺው አፍንጫ፣ ሲጸልይ እንኳ ያቺው አፍንጫ።

ስለዚህ የዘንድሮው ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ጋሽ ልሳኑ ጋራዥ ሄደ። ጋሽ ልሳኑ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአውቶቡስ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ጸጉራቸው ነጥቷል፣ ጥፍራቸው ግን እስከ ዛሬ ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ማኒፎልዷን ይቀይሩልኝ» አላቸው።

ማኒፎልድ ምንድን ነው? የማታውቁ አትፈሩ፤ የምታውቁም አትኩራሩ። ሞተር እንደ እኛው ይተነፍሳል። አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው ወደ ሆዱ የሚገቡባቸው የብረት ቱቦዎች አሉት። እነሱ ናቸው ማኒፎልድ። የሞተር ጉሮሮ በሉት።

ሰውየው አዲስ ጉሮሮ ከጆንያ አወጣ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ቱቦዎቹ አጫጭርና ሰፋፊ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ነበር። መኪናዋ ላይ ያለው የድሮው ግን አጎንባሽ፣ ቱቦዎቹ ቀጫጭንና ጥምዝምዝ ያሉ፣ ጥላሸት የጠገበ።

ጋሽ ልሳኑ አዲሱን አገላብጠው አዩት።

«ቆንጆ ነው። በሳምንት ስንት ቀን ነው የምትነዳት?»

«ስድስት። አንዳንዴም ሰባት።»

«ውድድሩስ?»

«በዓመት አንዴ።»

«ስንት ሰከንድ?»

«አሥራ ስምንት። እግዚአብሔር ከረዳኝ አሥራ ሰባት።»

«እንግዲያ ለአሥራ ሰባት ሰከንድ ብለህ ዓመቱን ሙሉ ልታንቃት ነው?»

«ጋሼ ደግሞ! ሰፊ እኮ ነው። ሰፊ ጉሮሮ እንዴት ያንቃል?»

ጋሽ ልሳኑ የመኪና ማጠቢያውን የውኃ ጎማ አነሱና ከፈቱት። ውኃው ጫማቸው ላይ ዝርክርክ ብሎ ወረደ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ግን ተፈናጥሮ ማዶ ግድግዳ ደረሰ።

«አየህ? ሞተር ቀስ ብሎ ሲዞር የሚስበው አየር ጥቂት ነው። ጥቂቱ አየር በጠባቡ ሲያልፍ ይሮጣል፤ ቤንዚኑንም ይዞት ይገባል። በሰፊው ሲያልፍ ይዝረከረካል፤ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሞተሩ ያስላል። ሰፊው ክፉ ሆኖ አይደለም። ሁልጊዜ ለሚበር መኪና የተሠራ ነው። ያንተዋ ግን እንቁላል ነው የምትጭነው፣ ይድነቃቸው!»

እንግዲህ ስሙንም አወቃችሁት።

ይድነቃቸው ሰማ? በየት ጆሮው? ያቺ አፍንጫ ጆሮውን ደፍናዋለች።

«እርስዎ ብቻ ይግጠሙልኝ» አለ።

«እኔ የማስረው ብሎን ነው፤ ሰው አላስርም» አሉና ገጠሙለት። አሮጌውን ጠርገው በጨርቅ ሲጠቀልሉት አይቶ ሳቀባቸው።

«ለቆራሌው ይስጡት፣ ጋሼ!»

እሳቸው ግን መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት።

ከከተማ ወጥቶ አውላላው መንገድ ላይ ሲረግጣት አገሳች። የዛፎቹ ቅጠል የተንቀጠቀጠ መሰለው። «ቀዩ፣ ዘንድሮ ወዮልህ!» አለ ብቻውን።

ከተማ ተመልሶ የመኪና ሰልፍ ውስጥ ሲገባስ? እህ... እህ... እህ። ቀስ ስትል ታስላለች። ሲቆም ትጠፋለች። ሲያስነሳት ትዘላለች። በዘለለች ቁጥር ከኋላ ቋ! ቋ! ይላል። ባለ ሱቆቹ «ዛሬ ደግሞ ጠብሰህ ነው ያመጣህልን?» ይሉት ጀመር።

አሁን አንዲት ሴት ትግባ።

ይድነቃቸው ታላቅ እህት አለችው፣ የሺመቤት የምትባል። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ነበረች። ያኔ ለጋብቻ የጠየቋት ሰዎች ነበሩ። «ልጁንስ ምን ታደርጊዋለሽ?» ሲሏት «ከልጁ ጋር ነኝ» አለች። እነሱም ሄዱ።

የሺመቤት ልብስ ሰፊ ሆነች። ምን ትሰፋለች? የሙሽራ ቬሎ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለስንቱ ሙሽራ ወገብ ስታጠብ፣ ለስንቱ ዘርፍ ስትጨርስ ኖረች። የሰፈሩም ሰው በሱቋ በኩል ሲያልፍ፣ «የሰው ቬሎ እየሰፋች እሷ ቀረች» ይላል። ሰው መቼ አፍ ያጣል?

በአርባ ሦስት ዓመቷ መምህር ተካልኝ የሚባሉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ደግ ሰው ጠየቋት። የሺመቤት «እሺ» አለች። የራሷን ቬሎ በራሷ እጅ ሰፋች። ከወንድሟም አንድ ነገር ብቻ ለመነች።

«ይድነቁዬ፣ የኪራይ መኪና አልፈልግም። በቢጫዋ አንተ ውሰደኝ።»

«እትዬ፣ አንቺን ያልወሰደች መኪና ትቃጠል!» አለ።

ቀኑ መቼ ሆነ? እሁድ። የቱ እሁድ? የውድድሩ እሁድ! ውድድሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሙሽራዋ የምትወጣው ስድስት ሰዓት። ይድነቃቸው «ይደርሳል» አለ። እኛስ ሁሉም ነገር «ይደርሳል» አይደለም የምንለው?

ዓርብ ዕለት ከሱቋ ሊወስዳት ሄደ። ቬሎዋን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ገባች። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ፣ ዳገቱ ላይ፣ መኪኖቹ ሁሉ በእግረኛ ፍጥነት በሚጓዙበት ሰዓት፣ ቢጫዋ አሳለች። ጠፋች። አስነሳት። ዘለለች። ጠፋች። ከኋላ ክላክስ በክላክስ ሆነ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«ሙሽራዋ ትውረድና ትግፋ እንጂ!»

ቀልዱ ነበር። ሙሽራ መሆኗን በምን ያውቃል? የሺመቤት ግን ወረደች። ቬሎዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በአንድ እጇ መግፋት ጀመረች። ይድነቃቸው በመስታወቱ አያት። እየሳቀች ትገፋለች።

ዳር ከያዙ በኋላ ላቧን ጠረገችና፣ «አይዞህ፣ ምንም አይደል። እሁድ ታክሲ እንጠራለን» አለችው።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። «ምንም አይደል» ነው አንጀቱን የበላው። ዕድሜዋን ሙሉ ስትል የኖረችው እሱን ነዋ!

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ሳይከፈት በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ።

«ጋሼ፣ አሮጌውን ለቆራሌው ሰጡት?»

«መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። ባለቤቱ ገና አልጨረሰም አልኩት» አሉና ጨርቁን ገለጡ።

«በሰፊው ጠዋት ተወዳድሬ፣ ከዚያ ቶሎ ብለን ይህንን...»

«ተው እንጂ! መፍታትና መግጠሙ ግማሽ ቀን ነው። ወይ ቀዩን ትቀድማለህ፣ ወይ እህትህን ትወስዳለህ። አንዱን ምረጥ።»

ይድነቃቸው ሁለቱን ጉሮሮዎች ጎን ለጎን አየ። አንዱ ያበራል። አንዱ ጥቁር ነው። ያችን የቀይ መኪና አፍንጫ አሰበ። ከዚያ በመስታወቱ ያየው መጣበት፤ ትከሻዋ ላይ ቬሎ፣ መኪናዋ ላይ መዳፍ።

«ጠባቡን ይግጠሙልኝ» አለ።

እሁድ ጠዋት ከውድድሩ ቀረ እንዳትሉ! ሄደ እንጂ። ያውም አበባና ሪቫን እንደታሰረባት። ሰዉ «ሙሽሪት የታለች?» እያለ ፈነዳ። ባንዲራው ወረደ። የመጀመሪያውን መቶ ሜትር ቢጫዋ መራች! ጠባብ ጉሮሮ መነሻ ላይ ጉልበት አለው። ከዚያ በኋላ ግን ቀዩ በጎኑ ሽው ብሎ አለፈ። ዘንድሮ በአፍንጫ አይደለም፣ በሙሉ መኪና ተቀደመ። ይድነቃቸው እየሳቀ፣ ከመኪናዋ ሳይወርድ፣ ግማሽ አበባዋ የረገፈባትን መኪና አዙሮ ወደ ቤት ነዳ።

ስድስት ሰዓት ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። የቪዲዮ ቀራጩ ከፊት በፒካፕ ላይ ቆሞ በእጁ «ቀስ! ቀስ!» ይላል። የሠርግ መኪና አካሄድ ታውቁ የለ? ኤሊ ትቀድመዋለች። ይድነቃቸው አንደኛ ማርሽ አስገባ። አደባባዩ ደረሰ። ያ ዳገት ደረሰ። ጆሮውን ወደ ሞተሩ ጣለ።

ድም ድም ድም። አንዲት ሳል የለችም።

በየሺመቤት ሱቅ በኩል ሲያልፉ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። «ቀረች» ያሉትም ቆመዋል። ይድነቃቸው እህቱ ታፍራለች ብሎ ነዳጁን ጫን ሊያደርግ ሲል ከኋላ እጇ ትከሻው ላይ አረፈ።

«ቀስ በል፣ ይድነቁ» አለችው። «ቀስ በል፤ ይዩኝ።»

ይድነቃቸው እግሩን አነሳ። መኪናዋ በእግር ከሚሄድ ሕፃን እኩል ሆነች። ያኔ ነው ትዝ ያለው። የአራት ዓመት ልጅ ሆኖ ይህንኑ መንገድ ሲሄድ፣ ይህችው ሴት እጁን ይዛ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። መሮጥ ትችል ነበር። እኩዮቿ ሁሉ ሮጠው ደርሰዋል። እሷ ግን በእሱ እርምጃ ሄደች።

ፊቱን በእጅጌው ጠረገና፣ «አምላኬ፣ ስለዚህች ጠባብ ጉሮሮ ተመስገን» አለ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልምጣ። ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ መኪናው አለቀ ብላችሁ እንዳታንቀላፉ።

እናንተ ስለ ምንድን ነው ተመስገን የምትሉት? ፈተና ስታልፉ። ቪዛ ሲወጣ። በአፍንጫ ስትቀድሙ። ጥሩ ነው፣ በሉ! ግን እሱ አሥራ ሰባት ሰከንድ ነው። ዓመቱን ማን ያመስግንበት? ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆማችሁበትን ማክሰኞ፣ ምንም ያልሆነበትን ረቡዕ፣ ሳትታነቁ የተነፈሳችሁበትን ዳገት ማን ያመስግንበት?

«ጌታ ሆይ፣ ሰፋ ያለ ስጠኝ» ትላላችሁ፤ እሱ ጠበብ ያለ ይሰጣችኋል። እናንተም «ለቆራሌው ይሰጥልኝ» ትላላችሁ። ጉሮሯችሁን የለካው እኮ የምትሄዱበትን መንገድ የሚያውቀው ነው! ስትጥሉትም እሱ አልጣለውም። ጠርጎ፣ ጠቅልሎ፣ ባለቤቱ አልጨረሰም ብሎ አስቀምጦላችኋል።

ደግሞም አንድ ሰው አለ። መሮጥ እየቻለ በእናንተ እርምጃ የሄደ። እናት ይሁን፣ እህት ይሁን፣ ያስተማራችሁ ሰው ይሁን፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። አሁን ፊቱ መጣባችሁ፤ መጣ አይደል? እግዚአብሔርስ ቢሆን መሮጥ ያቅተዋል? ከእኛ እኩል እየረገጠ ነው እዚህ ያደረሰን።

እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አትሩጡ። ቤት ግቡና ያንን ሰው እጁን ያዙት፣ ወደ ውጭም ይዛችሁት ውጡ። በመንገድ መሐል፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት፣ በእሱ እርምጃ ሂዱ። ቀስ በሉ፤ ይዩት።