የናቪጌተሩ ሁለት ሜዳዮች

አንድ ሰው ነበር፤ ቢሾፍቱ የሚኖር፣ ከአየር ኃይል በሻምበልነት ጡረታ የወጣ። በጦርነቱ ጊዜ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ናቪጌተር ነበር። ናቪጌተር ማለት፣ ወገኖቼ፣ መሪውን የሚይዘው አይደለም። ጠባብ ቦታ ተቀምጦ፣ ካርታና ማስመሪያ ይዞ፣ «ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ» የሚለው ነው። አብራሪው ደመና ውስጥ ሲገባ ምንም አያይም። እሱን አምኖ ይሄዳል።

ይህ ሰው ሁለት የጀግንነት ሜዳይ ተሸልሟል። አንዱን ያገኘው በተኩስ መሀል ዒላማውን ስላልሳተ ነው። የሁለተኛውን ታሪክ ግን ከራሱ አፍ ስሙት። በአየር ኃይል በዓል ቀን ጎረቤቶቹን ቤቱ ጋብዞ፣ ሜዳዮቹን ደረቱ ላይ አድርጎ እንዲህ አላቸው፦

«ቦምባችንን ጥለን ስንመለስ አንዱ ሞተራችን ተመቷል፤ ነዳጅ እያለቀ ነው። በደመናው ቀዳዳ ቁልቁል ሳይ፣ በግራችን መሆን የነበረበት ሐይቅ በቀኛችን ሆኖ አገኘሁት! ነፋሱ ገፍቶናል፤ እኔ ደግሞ የነፋሱን ሂሳብ ስቻለሁ። ከፊታችን ተራራ ነው። አብራሪው አለቃዬ ነበርና አፈርኩ። ‹ዝም ብዬ ቀስ በቀስ ላስተካክለው› ብዬ አሰብኩ። ጊዜ ግን የለም። ‹ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ! አሁኑኑ ወደ ቀኝ ይታጠፉ!› አልኩት። ታጠፈ። ተረፍን።»

ጎረቤቶቹ አጨበጨቡ። እናንተም ብትኖሩ ታጨበጭቡ ነበር፤ አውቃችኋለሁ።

ሚስቱ ወይዘሮ ይርገዱ ግን አላጨበጨቡም። የያዙትን ሳህን አስቀመጡና፣ «ሻምበል፣ ለአለቃህ ያልከውን ለውብአንቺ ማለት እንዴት አቃተህ?» አሉት።

ውብአንቺ ማናት? ልጃቸው ናት። ልታገባው ስላሰበችው ልጅ አንድ ወሬኛ «ሰካራም ነው» ብሎ ለአባቷ ሹክ አለው። አባት አላጣራም። በሠርጓ ቀን ሙሽሪት ጎንበስ ብላ ጉልበቱን ልትስም ስትል፣ ጉልበቱን ሰበሰበባት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ልጅቷ በአባቷ ሳትመረቅ፣ እያለቀሰች ከቤቱ ወጣች።

ወሬው ሐሰት መሆኑን በኋላ አወቀ። ባሏ መጠጥ በአፉ የማይዞር ሰው ነው። አባት ግን አፈረ። «ቀስ በቀስ ይስተካከላል» እያለ ዓመታት አለፉ።

ወይዘሮ ይርገዱ ቀጠሉ፦ «ያንን ሜዳይ የሰጡህ ስላልተሳሳትክ ነው እንዴ? ስለተናገርክ አይደል?»

ሻምበሉ ሜዳዮቹን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። እንግዶቹን እዚያው ትቶ ወደ ልጁ ቤት ሄደ። በሩን ራሷ ከፈተችለት። ስለ ወሬኛው አላነሳም፣ ሰበብ አልደረደረም። «ውብዬ፣ ተሳስቻለሁ» አላት።

ልጅቱ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች። አሁን ግን ጉልበቱን አልሰበሰበም። ያስቀረባትን ምርቃት እዚያው በሯ ላይ ሰጣት።

ወገኖቼ፣ እናንተንስ የትኛው ነፋስ ገፋችሁ? የማን ወሬ ነው ሳታጣሩ ያመናችሁት? ስንቶቻችን ነን በሥራ ቦታ «ይቅርታ» ማለት የማይከብደን፣ ቤታችን ስንገባ ግን አንደበታችን የሚተሳሰር? ለአለቃ እንናገራለን። ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም ሲሆን ግን «ቀስ በቀስ ይስተካከላል» እንላለን። አይስተካከልም! ያ አውሮፕላን ዝም ቢባል ኖሮ ቀስ በቀስ የሚደርሰው ተራራው ጋ ነበር።

እግዚአብሔር አንድም ቀን ያልተሳሳተ ሰው ፈልጎ አይደለም የጠራን። እንዲህ ያለውማ ከየት ይገኛል? የሚፈልገው «ተሳስቻለሁ» ብሎ የሚታጠፍ ሰው ነው።

አሁን ይህን ስናገር የአንድ ሰው ፊት ትዝ ያላችሁ አላችሁ። እናንተው ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በለመዳችሁት መንገድ ቀጥ ብላችሁ ወደ ቤት አትሂዱ። ወደዚያ ሰው በር ታጠፉ።